የመጨረሻው የካቢኔ ሌሊት

የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኔ የሚያልፈው በፊርማና በማኅተም መካከል ነው። ስለዚህ ይሆናል ከታሪክ መጻሕፍት ከጦር ሜዳው ይልቅ የጠረጴዛው ወግ የሚስበኝ። እነሆ ዛሬ ስለ አንድ ጠረጴዛ ላውጋችሁ፤ ስለ ብራዚሉ ፕሬዚዳንት ስለ ዤቱሊዮ ቫርጋስ የመጨረሻ ካቢኔ። (ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቫርጋስ ከ1930 እስከ 1945 ገዝተው በጦሩ ከሥልጣን ወረዱ፤ በ1951 በሕዝብ ምርጫ ተመለሱ። ኦገስት 5 ቀን 1954 በብርቱ ተቃዋሚያቸው በጋዜጠኛው ካርሎስ ላሰርዳ ላይ ጥይት ተተኮሰ። ላሰርዳ እግራቸውን ቆስለው ተረፉ፤ አብሯቸው የነበረ የአየር ኃይል ሻለቃ ግን ሞተ። ምርመራው ከቤተ መንግሥቱ የጥበቃ አለቃ ዘንድ ሲደርስ ጄኔራሎቹ «ፕሬዚዳንቱ ይልቀቁ» አሉ።

ኦገስት 24 ገና ሳይነጋ ሚኒስትሮቹ በሪዮ ዴ ዣኔሮ ካቴቴ ቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ። ቫርጋስ የእያንዳንዳቸውን ምክር ጠየቁ። የጦር ሚኒስትሩ ዜኖቢዮ ዳ ኮስታ መከላከል ቢቻልም ደም እንደሚፈስ ተናገሩ። የ44 ዓመቱ የፍትሕ ሚኒስትር ታንክሬዶ ኔቬስ «እንቋቋም» ባይ ነበሩ። የ1930ው አብዮት ጓዳቸው ኦስዋልዶ አራኛ የገንዘብ ሚኒስትር፣ ልብ ወለድ ደራሲው ዦዜ አሜሪኮ ዴ አልሜይዳ ደግሞ የመገናኛና የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትር ሆነው ተቀምጠዋል። ሹመት ያልነበራት ልጃቸው አልዚራ እንኳ ገብታ ጄኔራሎቹን ተሟገተች።

በመጨረሻ የተስማሙበት ቃል «ፈቃድ» ሆነ፤ ፕሬዚዳንቱ ለጊዜው ፈቃድ ይውሰዱ ተባለ። እኛ በመሥሪያ ቤታችን ፈቃድ የምንሞላው ለመመለስ ነው። ከጄኔራሎቹ ዘንድ የመጣው ወሬ ግን ይህ ፈቃድ መመለሻ እንደሌለው የሚያረዳ ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የ72 ዓመቱ ቫርጋስ በመኝታ ቤታቸው ደረታቸው ላይ ተኩሰው ሞቱ፤ ለሕዝቡም ደብዳቤ ተዉ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። በዚያ ቀን ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሕዝቡ ገንፍሎ ወጥቶ በተቃዋሚ ጋዜጦች ላይ ተነሣ።

ቫርጋስ በዚያ ሌሊት ብዕራቸውን ለኔቬስ በስጦታ እንደ ሰጡ ይነገራል። ኔቬስ በ1985፣ ከ21 ዓመት የጦር አገዛዝ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ በቃለ መሐላቸው ዋዜማ ታመው ሳይምሉ ኤፕሪል 21 ቀን አረፉ።

«ፈቃድ» ያሉትን ሚኒስትሮች ለመውቀስ ብዕሬ ይከብደኛል፤ ደም እንዳይፈስ ፈርተዋልና። ነገር ግን ሁሉንም ያስማማው ቃል ያንን አንድ ሰው አላዳነም። የሚኒስትር ታማኝነት ለሿሚው ነው ወይስ ለአገሩ ሰላም? ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።