የዓይነት 2 ስኳር በሽታ ውርስ በቻይና ቤተሰቦች

የዓይነት 2 ስኳር በሽታ ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሰውነት በአግባቡ ሊጠቀምበት ሲያቅተው በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ በላይ የሚጨምርበት ሕመም ነው። በሽታው በቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል፤ እናቱ ወይም አባቱ የታመሙበት ሰው ከሌላው ይልቅ የተጋለጠ ነው። በቻይና ውርሱ ለብቻው እንዲጠና ያስገደደው የሕሙማኑ ብዛት ብቻ አይደለም። በአውሮፓውያን ላይ የተገኘው የዘረመል ውጤት ለቻይናውያን እንዳለ የሚያገለግል ሆኖ አልተገኘም።

ዋና ዋና ዘረመሎች

እ.ኤ.አ. በ2006 በአይስላንድ ተመራማሪዎች ይፋ የሆነው የቲሲኤፍ7ኤል2 ዘረመል ልዩነት በአውሮፓ እጅግ የተለመደ ሲሆን፣ በቻይናውያን ዘንድ ግን ከመቶ ጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ ይታያል። በአንጻሩ በ11ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው ኬሲኤንኪው1 እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን ከተገኘ በኋላ በቻይናና በኮሪያ ሕዝብም ላይ ተረጋግጧል። በፓክስ4 ዘረመል ላይ የሚገኝ አንድ ልዩነት ደግሞ በምሥራቅ እስያ የተለመደ ሲሆን በአውሮፓ የለም ማለት ይቻላል። ኬሲኤንኪው1ና ፓክስ4 በተለይ የሚነኩት ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ቤታ ሕዋሳት ነው። ብዙ ቻይናውያን ሳይወፍሩ በበሽታው የሚያዙበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። በቻይና መለኪያ ከመጠን ያለፈ ክብደት የሚጀምረው ከ25 ሳይሆን ከ24 የሰውነት ክብደት መጠን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 በሆንግ ኮንግና በዋናው ቻይና ቤተሰቦች ላይ የተደረጉ ሁለት ጥናቶች በ1ኛው ክሮሞሶም ላይ ወደ አንድ አካባቢ አመለከቱ፤ አካባቢውን ከአንድ ዘረመል ጋር ማያያዝ ግን አስቸጋሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመውና 433,540 የምሥራቅ እስያ ሰዎችን ያካተተው ጥናት 183 ቦታዎችን ለየ። የእያንዳንዱ ድርሻ አነስተኛ ነው።

በአንድ ዘረመል የሚመጣ ስኳር

አንዳንድ ቤተሰቦች ግን ዓይነት 2 ነው ተብለው የሚታከሙት በስህተት ነው። በኤችኤንኤፍ1ኤ ዘረመል መበላሸት የሚመጣው ስኳር ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ እኩሌታ ነው፤ ብዙ ጊዜም በወጣትነት ይጀምራል። በሚቶኮንድሪያ ለውጥ የሚመጣው ደግሞ ከእናት ብቻ የሚወረስ ሲሆን የመስማት ችግርን ያስከትላል። ልዩነቱ ለሕክምናው ወሳኝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ብዙዎቹ ያለ ኢንሱሊን መርፌ በሰልፎኒልዩሪያ እንክብል ብቻ ሊታከሙ ይችላሉ።

ዘር ያልሆነው ውርስ

እ.ኤ.አ. በ1980 በቻይና የሕሙማኑ ድርሻ ከመቶ 1 በታች ነበር፤ በ2007–2008 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአዋቂዎች ላይ 9.7 በመቶ ደረሰ። በአንድ ትውልድ ዘረመል እንዲህ አይለወጥም። የተለወጠው አመጋገቡ፣ ሥራውና የከተማው ኑሮ ነው። ከዚህም በላይ ከ1959 እስከ 1961 በነበረው ታላቅ ረሃብ ወቅት በማህፀን የነበሩ ሰዎች ካደጉ በኋላ ለደም ስኳር መጨመር ይበልጥ መጋለጣቸው ታይቷል። እንዲህ ያለው ጉዳት በቤተሰብ ታሪክ ውስጥ ሲታይ የዘር ውርስ ሊመስል ይችላል።

በሰሜን ምሥራቅ ቻይና በምትገኘው የነዳጅ ዘይት ከተማ በዳቺንግ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው ጥናት የስኳር መጠናቸው ከፍ ማለት የጀመረ 577 ሰዎችን አካትቷል። ለስድስት ዓመት አመጋገባቸውን ያስተካከሉት፣ እንቅስቃሴ ያዘወተሩት ወይም ሁለቱንም ያደረጉት ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከ31 እስከ 46 በመቶ ቀነሰ። ከ30 ዓመት በኋላ ሲታይ በእነዚህ ሰዎች ላይ በሽታው ወደ 4 ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነበር።