የፊልም ጥቅል አያያዝ፤ ከእሳት ፍርሃት እስከ ኅሊና ጥንቃቄ

ስለ ሲኒማ የሚጻፈው በአብዛኛው ስለ ድርሰቱና ስለ ተዋንያኑ ነው። ከአዳራሹ በስተኋላ በጠባብ ክፍል ቆሞ ፊልሙን ከመኪናው ላይ የሚያስገባው፥ ትርኢቱ ሲያልቅም ጠቅልሎ ወደ ቆርቆሮው የሚመልሰው ኦፕሬተር ግን ስሙ እምብዛም አይነሣም። የሰውን ልማድና የእጅ ሥራ የሚመረምር ሰው ይህን ሠራተኛ ሊዘለው አይገባም፤ የሙያው ሥርዐት እንዴት እንደ ተወለደና እንዴት እንደ ላላ ማወቅ፥ ጥንቃቄ ከምን እንደሚመነጭ ያሳያልና።

አስቀድሞ ስለ ዕቃው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ፊልም በሁለት ነገር የቆመ ነው፤ አንዱ ተሸካሚው ጥብጣብ፥ ሁለተኛው በላዩ የተቀባውና ምስሉን የያዘው ጌላቲን ነው። ጌላቲን ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ስለ ሆነ፥ ፊልም ከብራና ጋር የሩቅ ዝምድና አለው ብንል ከእውነት አልራቅንም። እንደ ብራናም ሁሉ እርጥበትን፥ ሙቀትንና የእጅ ወዝን ይጠላል። ነገር ግን ብራና ሲነበብ በቦታው ይቈያል፤ ፊልም ካልሮጠ አይነበብም። 35 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ባለ ድምፅ ፊልም በያንዳንዱ ሴኮንድ 24 ምስል ያሳልፋል፤ ለያንዳንዱ ምስል በግራና በቀኝ አራት አራት ቀዳዳ አለው፤ የመኪናው ጥርሶችም እነዚህን እየያዙ ይስቡታል። 305 ሜትር የሚሆን ጥቅል በ11 ደቂቃ ያህል ያልቃል። ስለዚህ ፊልም በታየ ቍጥር በጥቂቱም ቢሆን ይጐዳል።

እስከ 1951 ገደማ (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለሲኒማ ቤቶች የሚሠራው ጥብጣብ በአብዛኛው ናይትሬት የተባለው ነበር። ናይትሬት ለመንደድ የሚያስፈልገውን ኦክሲጅን ከራሱ ስለሚያገኝ በውኃ ውስጥ እንኳ መንደዱን አይተውም፤ ጭሱም መርዝ ነው። ፊልሙ በብርቱው መብራት ፊት ለጥቂት ሴኮንዶች ቢቆም ሊቀጣጠል ይችላል።

የሙያው ሥርዐት የተወለደው ከዚህ ፍርሃት ነው። በሜይ 4 ቀን 1897 በፓሪስ በበጎ አድራጎት ገበያ ላይ በተነሣው እሳት ከ120 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በዚያ ቀን እሳቱን የጫረው ፊልሙ ሳይሆን የመኪናው መብራት ይሠራበት የነበረው የኤተር ትነት ነበር፤ ሆኖም ሲኒማና እሳት በሕዝብ አሳብ አንድ ላይ ተቈራኙ። ብሪታንያ በ1909 ባወጣችው የሲኒማ ሕግ መሠረት መኪናው እሳት በማይደፍረው ልዩ ክፍል እንዲቀመጥ ተደነገገ።

ሕግ ግን የእጅን ስንፍና ብቻውን አይከለክልም። በታኅሣሥ 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፥ ይኸውም በዲሴምበር 31 ቀን 1929፥ በስኮትላንድ በፔዝሊ ከተማ ግሌን በተባለው ሲኒማ ቤት ከስድስት መቶ የሚበልጡ ሕፃናት ትርኢት ለማየት ተሰብስበው ነበር። ታይቶ ያለቀ አንድ ጥቅል በብረት ቆርቆሮ ገብቶ ከባትሪ ላይ ተቀመጠ፤ ብረቱ የባትሪውን ሁለት ጫፎች በማገናኘቱ ቆርቆሮው ጋለ፥ ፊልሙም ይጨስ ጀመር። ጭሱ ወደ አዳራሹ ሲገባ ሕፃናቱ ወደ መውጫው ተሯሯጡ፤ የመውጫው የብረት መዝጊያ ግን ተቈልፎ ነበር። በመረጋገጥና በመታፈን 71 ሕፃናት ሞቱ፤ ነበልባል የነካው አንድም አልነበረም። ከዚያ በኋላ የመውጫዎቹ ቍጥር እንዲበዛና በሮቹ ወደ ውጭ እንዲከፈቱ ደንቡ ጠነከረ። ሊቃውንት ከዚህ ታሪክ የበሩን ነገር ያነሣሉ፤ የሚገባም ነው። እኛ ግን የነገሩ መነሻ አንድ ቆርቆሮ ያለ ቦታው መቀመጡ እንደ ሆነ ልንዘነጋ አይገባንም።

ፍርሃቱ መልካም ልማድንም አስተማረ። ጥንቁቅ ኦፕሬተር ፊልሙን የሚይዘው በጠርዙ ብቻ ነው፤ ሲጠቀልል በዝግታ ያዞራል፥ ጫፉን ስቦ አያጠብቅም፥ ጥቅሉ እርስ በርሱ ሲፋተግ ይቧጨራልና። የተቀደደ ቀዳዳ ወይም የላላ ቅጥል እንዳለ በጣቱ ጫፍ እየዳሰሰ ይመረምራል። የመኪናውን መስኮት ከትርኢት በፊት ይጠርጋል። ይህ ሁሉ መጀመሪያ የታዘዘው ፊልሙ ተበጥሶ ከመብራቱ ፊት እንዳይቆም ነው፤ ነገር ግን ከእሳት የጠበቀው ልማድ ምስሉንም ከመበላሸት ጠበቀ።

ከ1951 ወዲህ በቶሎ የማይነደው የአሴቴት ፊልም በሁሉም ዘንድ ቦታውን ያዘ። አደጋው ሲርቅ ጥንቃቄውም በብዙ ስፍራ ላላ። አንዳንዱ ኦፕሬተር ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው የሚያልፍበትን ጊዜ ለማወቅ በምስሉ ላይ በመርፌ ይጭር ነበር፤ ሌላው የተበጠሰውን ሲቀጥል ምስሎችን ቈርጦ ይጥል ነበር። አሴቴትም ቢሆን የራሱ ደዌ አለው፤ በሙቀትና በእርጥበት ሲበሰብስ እንደ ኮምጣጤ ይሸታል፥ ይኰማተራል፥ ቀዳዳዎቹም ከመኪናው ጥርሶች ጋር መገጣጠም ይሳናቸዋል። ይህ መበስበስ ከጀመረ ቅዝቃዜ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። ናይትሬት ሲጠፋ በጩኸት ነበር፤ አሴቴት ግን ማንም ሳያየው በመደርደሪያ ላይ ይጠፋል።

ዛሬ ብዙዎቹ ሲኒማ ቤቶች በዲጂታል ስለሚያሳዩ፥ የፊልም ጥቅል በብዛት የሚገኘው በቤተ መዛግብት ነው። በአሜሪካ በሮቸስተር ከተማ፥ በጆርጅ ኢስትማን ሙዚየም፥ የናይትሬት ፊልሞች የሚታዩበት በዓል በ2015 ተጀምሯል፤ በሚገባ የተያዘ ጥቅል ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላም ሊታይ እንደሚችል ይህ ይመሰክራል። እነዚያ ጥቅሎች እስከ ዛሬ የደረሱት፥ ቀድሞ በያዟቸው እጆች ሁሉ ሳይበላሹ በማለፋቸው ነው። ፍርሃት ጥንቃቄን ሊጀምር ይችላል፤ ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ ግን ጥንቃቄን የሚያቆየው፥ በእጁ ያለው ዕቃ የሌላ ትውልድ አደራ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።