ኩዊን፦ ገዳም ወይስ የወንድሞች ቤት?

በአየርላንድ፣ ክሌር አውራጃ ያለው ፍርስራሽ «ኩዊን አቢ» ይባላል። ስሙ ያሳስታል። አቢ በአበምኔት የሚመራ ገዳም ነው፤ ኩዊን ግን የፍራንሲስካውያን ነበር፤ እነሱ አበምኔት የላቸውም፤ የቤቱ አለቃ «ጠባቂ» ነው፣ ራሳቸውንም «ታናናሽ ወንድሞች» ይላሉ። ቤታቸውም «ፍራየሪ»፣ የወንድሞች ቤት ነው። የእኛ «ገዳም» በግዕዝ ምድረ በዳም ማለት ስለሆነ፣ ከሕዝብ መካከል እየሰበኩና እየለመኑ ለኖሩት እምብዛም አይገጥምም።

ኩዊን በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው በፈረሰ የኖርማን ምሽግ ላይ ነው (ለሰላም ሰባኪዎች ምን ዓይነት መሠረት ነው!)። የምሽጉ ክብ የማዕዘን ግንቦች ቅሪት ዛሬም ይታያል። በእንግሊዙ ንጉሥ በሄንሪ 8ኛ ዘመን ቤቱ ቢወረስም ወንድሞቹ ጨርሰው አልጠፉም፤ የመጨረሻው፣ አባ ጆን ሆጋን፣ በ1820 እ.ኤ.አ. አርፈው እዚያው ተቀበሩ።