ሰባቱ «ሲን» እና ስደተኛው ወላጅ፤ የኢራናውያን የቤተሰብ ቅርስ በባሕር ማዶ

የኢራናውያን አዲስ ዓመት፣ ኖውሩዝ፣ ሲጠባ በየቤቱ አንድ ገበታ ይዘረጋል። ገበታው «ሀፍት ሲን» ይባላል። «ሀፍት» ሰባት ማለት ነው፤ «ሲን» ደግሞ የፊደል ስም ነው። በላዩ የሚደረደሩት ስማቸው በዚሁ ፊደል የሚጀምር ሰባት ነገሮች ናቸው፤ ይኸውም «ሳብዜ» የሚባለው በሳሕን ላይ የበቀለ የስንዴ ወይም የምስር ቡቃያ፣ ከስንዴ ቡቃያ የሚሠራው ጣፋጭ «ሳማኑ»፣ የደረቀው የ«ሴንጄድ» ፍሬ፣ ነጭ ሽንኩርቱ «ሲር»፣ ፖሙ «ሲብ»፣ ኮምጣጤው «ሴርኬ»፣ ጎምዛዛው ቅመም «ሱማቅ» ናቸው። ከእነዚህ በአንዱ ፈንታ ሳንቲም፣ በፋርስኛ «ሴኬ»፣ ወይም መዓዛው ቤቱን የሚያውደው «ሶንቦል» የተባለ አበባ የሚቀመጥበት ቤትም አለ።

ነገሩ ለጆሮ ቀላል ይመስላል፤ ለዓይን ግን እንዲያ አይደለም። ፋርስኛ የሚጻፈው በዐረብኛ ፊደል ላይ አራት ፊደላት ተጨምረው ሲሆን፣ በዐረብኛ የየራሳቸው ድምፅ ያላቸው «ሲን»፣ «ሳድ» እና «ሴ» የተባሉ ሦስት ፊደላት በፋርስኛ አፍ ሁሉም «ሰ» ሆነዋል። ልዩነታቸው የቀረው በጽሕፈት ብቻ ነው። ለምሳሌ ሳሙና በፋርስኛ «ሳቡን» ነው፤ የሚጻፈው ግን በ«ሳድ» ስለሆነ ከሀፍት ሲን ገበታ አይቀርብም። ንጉሡ «ሠ»ን ከእሳቱ «ሰ» እየለዩ ያሳደጉን መምህራን ነገሩን ከማንም ይልቅ ይረዱታል። አንድ ሎስ አንጀለስ የተወለደ፣ ፋርስኛን ከቤተሰቡ በጆሮው ብቻ የተማረ ልጅ ሳሙና አምጥቶ ከኮምጣጤው ጎን ቢያኖር በጆሮው ሚዛን አልተሳሳተም። ስሕተቱን ሊያስረዳው የሚችለው ፊደሉን አገሩ ሳለ የተማረ ወላጁ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን ወላጅና ይህን ልጅ፣ በመካከላቸውም የሚያልፈውንና የማያልፈውን ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኢራናውያን ወደ አሜሪካ በብዛት የሄዱት በመጀመሪያ በስደት ሳይሆን በትምህርት ነበር። በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ መንግሥትም ወላጆችም ልጆቻቸውን ወደዚያ ላኩ፤ በዐሥርቱ መጨረሻ ላይ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከ50,000 በላይ ኢራናውያን ይማሩ ስለነበር ከውጭ አገር ተማሪዎች ሁሉ በቁጥር የሚበልጡት እነርሱ ነበሩ። ሐሳባቸው ተምሮ መመለስ ነበር። በጃንዋሪ 1979 ሻህ መሐመድ ሬዛ ፓህላቪ አገር ጥለው ወጡ፤ በፌብሩዋሪ 1 ቀን አያቶላህ ኾሜኒ ገቡ፤ በኖቬምበር 4 ቀን የአሜሪካ ኤምባሲ ተያዘና 52 አሜሪካውያን ለ444 ቀናት ታገቱ። በሴፕቴምበር 1980 ደግሞ ከኢራቅ ጋር እስከ 1988 የዘለቀው ጦርነት ተጀመረ። ሊመለስ የነበረው ተማሪ በዚያው ቀረ፤ ቤተሰቡም ተከተለው። ለጊዜው የመጣ ሰው ሳያስበው ስደተኛ ሆነ።

ይህን ታሪክ ኢትዮጵያዊ አንባቢ እንደ ሩቅ ነገር አያነብበውም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦክቶበር 1971 በፐርሰፖሊስ በተከበረው የ2,500 ዓመት በዓል ላይ ከክብር እንግዶች አንዱ ነበሩ። በሦስት ዓመት ውስጥ የእንግዳው ዙፋን፣ በስምንተኛው ዓመት የአስተናጋጁ ዙፋን ወደቀ። የሁለቱም አገር ስደተኞች ከብዙ ከተሞች መካከል በሎስ አንጀለስም ተገናኙ። የእኛዎቹ በፌርፋክስ ጎዳና ሰፍረው ከ2002 ጀምሮ ሠፈሩ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ሲባል፣ ኢራናውያኑ ከዚያ ብዙ ሳይርቅ በዌስትዉድ ጎዳና መጻሕፍት ቤቱንና ምግብ ቤቱን ከፈቱ፤ ቴህራንንና አንጀለስን አዳቅለውም «ቴህራንጀለስ» አሉት።

እንግዲህ ወላጁ ይዞት የወጣው ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት መጽሐፍ ነው። በሀፍት ሲን ገበታ ላይ ከሰባቱ ነገሮች ጋር መስታወት፣ ቀለም የተቀባ እንቁላልና አንድ መጽሐፍ ይቀመጣል። የትኛው መጽሐፍ እንደሚሆን የሚወስነው ቤቱ ነው። ሃይማኖቱን የሚያጠብቅ ሙስሊም ቁርኣን ያኖራል፤ ሌላው የሐፌዝን «ዲቫን»፣ ሌላው የፊርደውሲን «ሻህናሜ» ያኖራል። ኖውሩዝ ሙስሊሙም፣ አይሁዳዊውም፣ ዞራስትራዊውም፣ ባሃኢውም የሚያከብሩት በዓል ስለሆነ ገበታው የጋራ ሲሆን መጽሐፉ የቤቱን ማንነት ይናገራል።

የሐፌዝ ነገር ልዩ ነው። ይህ የሺራዝ ባለቅኔ ያረፈው በዐሥራ አራተኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ኢራናውያን እስከ ዛሬ ድረስ በዓመቱ ረጅሙ ሌሊት በ«ያልዳ»ና በኖውሩዝ «ዲቫኑን» ገልጠው ዕጣ ይጠይቁበታል። በእኛም ዘንድ መጽሐፍ መግለጥ ምን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ልዩነቱ የእነርሱ ገላጭ ደብተራ ሳይሆን አባት ወይም አያት መሆኑ ነው። ልጁ በልቡ ይመኛል፣ አባት መጽሐፉን ይገልጣል፣ የወጣውን ግጥም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብባል፣ ትርጉሙንም ለልጁ ሁኔታ እያስማማ ያፍታታል። ሥርዓቱ እንዲፈጸም የሚያነብ ሰው የግድ ያስፈልጋል። አባት ሲሞት መጽሐፉ ከነልባሱ ለልጁ ይተርፋል፤ ገልጦ የሚያነብለት ግን የለም።

ለምን አላስተማረውም የሚል ይኖራል። እኔም ነገሩን ሳጤነው በመጀመሪያ የመጣብኝ ይህ ጥያቄ ነበር። መልሱ በከፊል በጽሕፈቱ ጠባይ ላይ ነው። የእኛ ፊደል አናባቢውን በየፊደሉ ላይ ስለሚያሳይ ፊደል የቆጠረ ልጅ ትርጉሙን የማያውቀውን ቃል እንኳ አይቶ ይጠራዋል፤ የግእዝ ንባብ የተማረ ሁሉ በራሱ ያየው ነው። በፋርስኛ ግን አጫጭሮቹ አናባቢዎች በተለመደው ጽሕፈት አይጻፉም። አንባቢው ቃሉን አስቀድሞ ካላወቀው በትክክል ሊጠራው ይቸግረዋል። በቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ደግሞ «ብላ፣ ተነሥ፣ አያትህን ሰላም በል» ከማለት እምብዛም አያልፍም፤ የሐፌዝ ቃላት በዚያ ውስጥ አይገኙም። ቅዳሜና እሑድ ፊደሉን የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች በየከተማው ቢከፈቱም ቅሉ፣ ብዙው ወጣት ፋርስኛን በላቲን ፊደል እየጻፈ «ፊንግሊሽ» የሚል ስም አውጥቶለታል።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በጆሮ ያልፋል። ከሻህናሜ ታሪኮች ሁሉ ስመ ጥር የሆነው የሮስታምና የሶህራብ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ፊርደውሲ በ1010 ገደማ በፈጸመው፣ ሐምሳ ሺህ ያህል ጥንድ ስንኞች ባሉት በዚህ ሥራ ውስጥ፣ ጀግናው ሮስታም በሰው አገር አግብቶ ለሚወለደው ልጅ ምልክት የሚሆን ክታብ ለሚስቱ ሰጥቶ ይሄዳል። ልጁ ሶህራብ አድጎ አባቱን ፍለጋ ይመጣል፤ በጦር ሜዳ ሳይተዋወቁ ይገጥማሉ፤ አባት ልጁን ይገድላል። ክታቡን በክንዱ ላይ የሚያየው ጎኑን ከወጋው በኋላ ነው። ከዚህ የመጣ አንድ ተረት በየኢራናዊው አፍ አለ፤ ጊዜው ያለፈበትን እርዳታ «ሶህራብ ከሞተ በኋላ የመጣ መድኃኒት» ይሉታል፤ እኛ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደምንለው ማለት ነው። ይህን ተረት በእንግሊዝኛ የሚያስቡ ልጆች ጭምር ያውቁታል። ስማቸውም ራሱ ሮስታም ወይም ሶህራብ ሊሆን ይችላል፤ አንድም ስንኝ ግን ከመጽሐፉ አላነበቡ ይሆናል።

ወላጁ በጆሮ ያወረሰው እንዴት ወደ ጽሑፍ እንደሚገባ ለማየት ፊሩዜ ዱማ በ2003 ያሳተመችውን «ፈኒ ኢን ፋርሲ» የተሰኘ መጽሐፍ እንውሰድ። ጸሐፊዋ በነዳጅ ከተማዋ በአባዳን ተወልዳ በ1972፣ በሰባት ዓመትዋ፣ ከቤተሰብዋ ጋር ወደ ካሊፎርኒያ ዊቲየር የሄደች ናት። አባትዋ የነዳጅ ኩባንያ መሐንዲስ ሲሆኑ ቀድሞ በአሜሪካ ተምረዋል። በመጀመሪያው የትምህርት ቀን አስተማሪዋ እናቲቱን ወደ ፊት ጠርታ ኢራንን በካርታው ላይ እንዲያሳዩ ጠየቀች፤ እናት አላገኟትም። ጸሐፊዋ ይህን የምትነግረን እያሳቀች ነው፤ አንባቢ ግን ከሣቁ በኋላ የሚቀር ነገር ያገኛል። አገርዋን በእግርዋ የምታውቅ ሴት በወረቀት ላይ አጣቻት። ልጅቱም ስምዋ፣ «ፊሩዜ»፣ የከበረው ሰማያዊ ድንጋይ ስም፣ በክፍል ጓደኞችዋ አፍ ስለተበላሸ ጁሊ የሚል ስም መረጠች። የእገታው ዘመን ሲመጣ ኢራናውያንን የሚሰድቡ ካናቴራዎች ይሸጡ ነበር፤ አባት በዜግነታቸው ምክንያት ሥራ አጡ፤ እናት ከየት እንደመጡ ሲጠየቁ ሩስያ ወይም ቱርክ ማለት ጀመሩ።

የመጽሐፉ መነሻ አባት ናቸው። ጸሐፊዋ ያደገችው እርሳቸው ስለ ልጅነታቸውና ስለ አሜሪካ የተማሪነት ዘመናቸው የሚያወጉትን እየሰማች ነው። በ2001 ከዚያ በፊት ጽፋ የማታውቀው እርስዋ ብዕር ያነሣችው ለገዛ ልጆችዋ ስጦታ ይሆን ዘንድ ነው፤ የጻፈችውም በእንግሊዝኛ ነው። ለቅርስ ጥናት ይህ ከባድ ነጥብ ይመስለኛል። የአያት ወግ ለልጅ ልጅ እንዲደርስ በሌላ ቋንቋ ማለፍ ነበረበት።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ወደ ፋርስኛ ተተርጉሞ በኢራን ታተመና ብዙ አንባቢ አገኘ። በፋርስኛ የተሰጠው ርእስ «የሶንቦል መዓዛ፣ የጥድ መዓዛ» የሚል ነው። ሶንቦል የኖውሩዝ ገበታ አበባ ነው፤ ጥዱ የአሜሪካ ገና ነው። የሶንቦል የመጀመሪያ ፊደልም «ሲን» ነው፤ ሳድ አይደለም። ሆኖም አንድ ምዕራፍ በሳንሱር ወጥቶበታል። እርሱም አባት ስለ አሳማ ሥጋ ለልጃቸው የተናገሩበት፣ ሰውን መልካም የሚያደርገው የሚበላው ሳይሆን ለሌላው ሰው የሚያደርገው መሆኑን ያስረዱበት ነው። ይህን የአባታቸውን ነገር የቴህራን አንባቢዎች በራሳቸው ፊደል አላገኙትም፤ ሙሉው ያለው በእንግሊዝኛው እትም ነው።