ተሻጋሪ የሼል ስክሪፕት

ተሻጋሪ የሼል ስክሪፕት በአንድ ሼል ብቻ ሳይወሰን በተለያዩ ሼሎች ላይ ሳይለወጥ የሚሠራ የትዕዛዞች ጽሑፍ ነው። ሼል ትዕዛዝን ተቀብሎ በስርዓተ ክወናው የሚያስፈጽም ፕሮግራም ነው። በዩኒክስና በሊኑክስ አብዛኞቹ የስርዓት ስክሪፕቶች በመጀመሪያ መስመራቸው ኤስኤች የተባለውን ሼል ይጠራሉ። ይህ ስም ግን በየስርዓቱ የተለያየ ፕሮግራም ሊያመለክት ይችላል፤ የችግሩ ምንጭም ይኸው ነው።

በ1979 እ.ኤ.አ. ከዩኒክስ 7ኛ እትም ጋር የወጣው የስቲቨን ቦርን ሼል ለብዙዎቹ የኋላ ሼሎች መሠረት ሆነ። በ1989 ብራያን ፎክስ ለግኑ ፕሮጀክት የጻፈው ባሽ የቦርንን አገባብ ተቀብሎ ብዙ ጨመረበት። የጋራውን አገባብ የሚወስነው የፖዚክስ ደንብ በ1992 ቢወጣም፣ በብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች ኤስኤች ማለት ባሽ ስለነበር የስክሪፕት ጸሐፊዎች ከደንቡ መውጣታቸውን የሚነግራቸው አልነበረም።

ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ኡቡንቱ በ2006 በ6.10 እትሙ ኤስኤችን ከባሽ ወደ ዳሽ ሲያዞር ነው። ዳሽ አነስተኛና ፈጣን ሼል ነው፤ ያኔ ኮምፒውተር ሲነሳ ሼል በተደጋጋሚ ይጠራ ስለነበር ለውጡ ጊዜ ይቆጥብ ነበር። ሆኖም በባሽ ልማድ የተጻፉ ብዙ ስክሪፕቶች ተሰናከሉ። ዴቢያንም በ2011 በወጣው 6ኛ እትሙ ይህንኑ መንገድ ተከተለ።

ከባሽ ልዩ አገባቦች መካከል [[ ቶሎ ይጋለጣል፤ ዳሽ አያውቀውምና የስህተት መልእክት ያወጣል። አደገኛው ያለ መልእክት የሚያልፈው ነው። ለምሳሌ &> በባሽ የትዕዛዙን ውጤትና የስህተት መልእክቶች ወደ አንድ ፋይል ይልካል። ዳሽ ግን ምልክቱን ለሁለት ከፍሎ ያነበዋል፦ በ & ትዕዛዙን ከበስተጀርባ ያስኬዳል፣ በ > ደግሞ ፋይሉን ባዶ ያደርጋል። ስክሪፕቱ ትዕዛዙ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ይቀጥላል፤ ቀጣዩም መስመር ባዶ ፋይል ሊያነብ ይችላል። በሁለቱም የሚሠራው አጻጻፍ > ፋይል 2>&1 ነው። ኤኮም ወደ ግራ ያዘነበለውን ሰረዝ በሁለቱ ሼሎች በተለያየ መንገድ ስለሚተረጉም በምትኩ ፕሪንትኤፍ ይመረጣል።

ድርድር የግድ የሚያስፈልገው ስክሪፕት በፖዚክስ አገባብ ከሚጨናነቅ በመጀመሪያው መስመር ባሽን በስሙ ቢጠራ ይሻላል። ለሌሎቹ ቼክባሺዝምስ የተባለው መሣሪያ የባሽ ልዩ አገባቦችን ይለቅማል፤ ሁሉንም ስለማይዝ ግን ስክሪፕቱን በዳሽ ማስኬድ አይቀርም።