የሁለት ሻጮች የትውልድ ሐረግ

በአሜሪካ አገር ከዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ተመርቆ የወጣ ወጣት፣ አንደበቱ የተፈታና ከደመወዙ በላይ በኮሚሽን ለመክበር የሚሻ እንደ ሆነ፣ በዛሬው ጊዜ ሁለት ደጃፎች ተከፍተው ይጠብቁታል፤ አንደኛው የሕክምና መሣሪያ ሻጭነት ነው፣ ሁለተኛውም የሶፍትዌር ሻጭነት። መካሪዎቹ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ያስገኛል፣ የትኛውስ ሌሊት ያስተኛል እያሉ ይመዝኑለታል፤ እኔ ግን አንድ ሙያ ከማን እንደ ተወለደ ሳይጠየቅ ጠባዩ አይታወቅም ባይ ነኝና፣ የሁለቱን የትውልድ ሐረግ ወደ ኋላ መቁጠርን መርጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፊተኛው ሐረግ የሚነሣው በኢንዲያና ግዛት ከምትገኝ ዋርሶ ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ሐኪሞች የተሰበረን እጅና እግር በበርሜል ጣውላ ስንጣሪ ይጠግኑ በነበረበት ዘመን፣ በ1895፣ ሬቭራ ዲፑይ የተባለ ሰው ለአካል ቅርጽ የሚስማማ መጠገኛ እየሠራ የሚሸጥ ድርጅት በዚያ አቆመ፤ ለዚሁ ድርጅት በየሐኪሙ ደጅ ሲዞር የኖረው ሻጭ ጀስቲን ዚመርም በ1927 ከአሠሪዎቹ ተለይቶ እዚያው ከተማ ውስጥ የራሱን ፋብሪካ ከፈተ። ሐኪም ዘንድ የሚውል ሻጭ ሐኪሙ ምን እንደ ጎደለው ከሌላው ሰው አስቀድሞ ስለሚሰማ፣ በዚህ ሙያ ከሻጭነት ወደ ሠሪነት መሻገር እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም።

በሚኒያፖሊስ ከተማ ኧርል ባከንና አማቹ በ1949 በአንድ ጋራዥ ውስጥ ያቋቋሙት ሜድትሮኒክም አነሣሡ ከዚህ አይርቅም። ሥራቸው የሆስፒታል መሣሪያ መጠገን ነበር፤ በመጀመሪያው ወር ያገኙት ገቢ 8 ዶላር ብቻ ስለ ሆነ፣ ቀዳዳውን ለመድፈን የሌሎችን ፋብሪካዎች ዕቃ በወኪልነት ይሸጡ ነበር። ኦክቶበር 31 ቀን 1957 በከተማይቱ መብራት ጠፋ። ልባቸው በቀዶ ጥገና የታከመ ሕፃናት የልባቸው ምት የሚደገፈው ከግድግዳ በሚመጣ ኤሌክትሪክ ነበረና፣ በከተማይቱ ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሐኪም የነበረው ዋልተን ሊለሃይ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ እንዲያበጅለት ባከንን ጠየቀው። ባከን በአራት ሳምንታት ውስጥ በትራንዚስተር የምትሠራ አንዲት ትንሽ ሣጥን ሠርቶ በእንስሳ ላይ እንድትፈተን ካስረከበ በኋላ፣ በማግሥቱ ወደ ሆስፒታሉ ቢመለስ ሣጥኒቱን ከአንድ ሕፃን ጋር ተያይዛ ልብ ስታስመታ አገኛት። ሊለሃይ የተሻለ ነገር በእጄ ሳለ ሕፃን ሲሞት አላይም ማለቱ ነበር፤ ያን ጊዜ ይህን የሚከለክል ሕግ አልነበረም።

ሻጩን ከሆስፒታሉ መተላለፊያ አንሥቶ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ውስጥ ያስገባው ግን የሥጋ መስፊያው ስቴፕለር ነው። የአሜሪካው ቀዶ ሐኪም ማርክ ራቪች በ1958 ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዶ የሩስያ ሊቃውንት የፈለሰፉትን አንዱን ይዞ ተመለሰ፤ ሊዮን ሂርሽ የተባለው ነጋዴም በ1964 ዩናይትድ ስቴትስ ሰርጂካል የተባለውን ኩባንያ አቋቁሞ ዕቃውን አሻሽሎ ለገበያ አቀረበ። ዕድሜውን ሙሉ በመርፌና በክር ሲሰፋ የኖረ ሊቅ ግን ባለ ብረት መንጋጋውን ባዕድ ዕቃ በሥዕል አይቶ ብቻ የሚያምን አልነበረም፤ ስለዚህ ሻጩ ራሱ የአካልን ክፍሎችና የመሣሪያውን ጠባይ በጥብቅ ተምሮ፣ የሐኪሞቹን ልብስ ለብሶ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ንጹሕ ከተባለው ወሰን ወዲህ ቆሞ «አሁን ይዝጉት፤ አሁን ይልቀቁት» እያለ ሐኪሙን በቃል ብቻ እንዲመራ ተደረገ። ዲግሪው በንግድ ወይም በታሪክ የሆነ ወጣት፣ ሠላሳ ዓመት ላገለገለ ቀዶ ሐኪም መምህር የሚሆንበት እንዲህ ያለ ስፍራ በሌላው ሙያ ሁሉ ብፈልግ አላገኘሁም። ወሰኑ ሁልጊዜ ተከብሯል ማለት ግን አይደለም፤ በ1970ዎቹ በሎንግ አይላንድ አንድ የሰው ሠራሽ ዳሌ ሻጭ በቀዶ ጥገናው ውስጥ በገዛ እጁ ተካፍሎ መገኘቱ ሲሰማ ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሶ አገር ጉድ ብሏል። ሜይ 28 ቀን 1976 የወጣው ሕግም መሣሪያዎችን እንደ አደገኛነታቸው በሦስት ክፍል መድቦ ለመንግሥት ቁጥጥር አስገዛቸው።

የሁለተኛው ሻጭ አባት ሱቅ ነው። በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ ጆን ፓተርሰን በ1884 የገንዘብ መመዝገቢያ መኪና የሚሠራውን ድርጅት ገዛ፤ ባለ ሱቁም መኪናው የገዛ ሠራተኛውን እንደ ሌባ የሚያስቆጥር መስሎት ይጠላው ስለ ነበር፣ የዕቃው ዕጣ በሻጩ አንደበት ላይ ወደቀ። ፓተርሰን የተሻለውን ሻጭ ንግግር አስጽፎ ሌሎቹ ሁሉ፣ የቆሎ ተማሪ ውዳሴ ማርያምን እንደሚያጠና፣ ሳያዛንፉ በቃላቸው እንዲይዙት አዘዘ። በ1894 የሻጮች ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ለእያንዳንዱም ማንም የማይገባበት ቀጠና ለይቶ ሰጠው፣ በቀጠናውም ልክ ኮታ ጣለበት። ዛሬ በሶፍትዌር ቤት የተቀጠረ ወጣት በየሦስት ወሩ መጨረሻ እንቅልፍ የሚያጣበት ኮታ የዴይተን ውርስ መሆኑን የሚነግረው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ውርሱን ያሻገረው ቶማስ ዋትሰን ነው። በኒው ዮርክ ገጠር ፒያኖና የልብስ ስፌት መኪና በጋሪ እየዞረ ሲሸጥ ከቆየ በኋላ በፓተርሰን ቤት አደገ፤ ከዚያም ተባርሮ በ1914 ሌላ ኩባንያ ያዘና በ1924 አይ ቢ ኤም ብሎ ሰየመው። አይ ቢ ኤም የሒሳብ መኪናውን፣ በኋላም ኮምፒውተሩን፣ በአብዛኛው ያከራይ እንጂ አይሸጥም ነበር፤ መኪናውን የሚያሠራው ፕሮግራም ደግሞ ከኪራዩ ጋር ያለ ዋጋ የሚታደል ምርቃት ነበረ። እንግዲህ የሶፍትዌር ሻጭ ሊኖር እንዴት ይችላል? ጥቂት ደፋሮች ሞክረዋል፤ በ1967 ማርክ ፎር የተባለው ፕሮግራም በ30,000 ዶላር ለገበያ ሲቀርብ ነጻ የሚገኝን ነገር በዚህ ዋጋ መጠየቅ ለብዙዎች እብደት መስሎ ታይቶ ነበር፣ ግን ተሸጠ። የአሜሪካ መንግሥት በ1969 መጀመሪያ አይ ቢ ኤምን በሞኖፖል ከሰሰው፤ ኩባንያው በዚያው ዓመት ጁን 23 ቀን ፕሮግራሙን ከመኪናው ለይቶ በዋጋ እንደሚሸጥ አስታወቀ። በዚያች ቀን ሶፍትዌር በይፋ ሸቀጥ ሆነ፤ ሻጩም አብሮ ተወለደ ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

የኮታው መንፈስ ከልክ ያለፈበት ጊዜም መጣ። በ1990 የሶፍትዌሩ ኩባንያ የኦራክል ሻጮች ገና ገንዘቡ ያልገባውን ውል ሁሉ እንደ ገቢ ሲያስቆጥሩ ቆይተው፣ ሒሳቡ ሲገለጥ ኩባንያው ለመውደቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከዚሁ ቤት የወጣው ማርክ ቤኒኦፍ በ1999 ሴልስፎርስን ሲመሠርት ሶፍትዌርን በየወሩ በሚከፈል ኪራይ ማቅረብ ጀመረ፤ ዓለም አዲስ ጥበብ ብላ ያጨበጨበችለት ይህ አሠራር ዋትሰን በመኪናው ያደርገው የነበረው አሮጌው ኪራይ መሆኑ ያስቀኛል።

ስለዚህ አንዱ ተመራቂ ሥራውን የሚጀምረው የብረት ዕቃ የታጨቀበት ሣጥን ተሸክሞ፣ ገና ሳይነጋ ሆስፒታል ደጅ በመቆም ነው፤ ሌላው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ለማያውቃቸው ሰዎች ቀኑን ሙሉ ስልክ በመደወል። አደጋቸውም እንደ ትውልዳቸው ለየብቻ ነው። በ2020 የጸደይ ወራት ሆስፒታሎች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የማያስቸኩለውን የጉልበትና የዳሌ ቀዶ ጥገና ሲያቆሙ የመሣሪያ ሻጩ ኮሚሽን ደረቀ፤ የሶፍትዌር ሻጩ ግን ከቤቱ ሆኖ በቪዲዮ መሸጡን ቀጠለ። በጃንዋሪ 2023 ሴልስፎርስ ከሠራተኞቹ አሥር በመቶ ያህሉን እንደሚቀንስ ሲያስታውቅ፣ በሆስፒታሎቹ ዘንድ ወረፋ ሲጠብቅ የቆየው ቀዶ ጥገና ተመልሶ ነበር።