ከመሃል የሚጀምር ጨለማ፦ የዕይታ አድማስ ልኬት ከአንድ መቶ ሃምሳ በላይ ዓመታት

ከአንጎል ሥር ከምትገኘው ፒቱታሪ የሚነሳ ዕጢ ቀስ ብሎ ያድግና ከበላዩ ያለውን የዓይን ነርቮች መስቀለኛ ከሥሩ ይገፋዋል። ሕመምተኛው ግን ብዙ ጊዜ አይታወቀውም። ከየዓይኑ የሚወጣው ነርቭ 1 ሚሊዮን ገደማ ክሮች አሉት። ከአፍንጫ በኩል ካለው የሬቲና ግማሽ የሚነሱት፣ ከጠቅላላው ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡት፣ መስቀለኛው ላይ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገራሉ። የሚያሳዩትም በጆሮ በኩል ያለውን ዓለም ነው። ስለዚህ ዕጢው መሃሉን ሲጫን የቀኝ ዓይን ቀኙን፣ የግራ ዓይን ግራውን ያጣል፤ ብዙውን ጊዜም ከላይ ጀምሮ። ሁለቱም ዓይኖች ሲገለጡ አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍን ሰውዬው መንገዱን ይሄዳል፣ ያነባል። አንድ ዓይኑን ሲከድኑት ነው ጉዱ የሚወጣው።

ነርቮቹ በከፊል ይሻገራሉ የሚለውን ሐሳብ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው የብርሃን መጽሐፉ አንስቶት ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዕይታን አድማስ ለምርመራ ማዋል ግን በርሊን ላይ በአልብሬክት ፎን ግሬፌ እጅ፣ በ1856 ነው መልክ የያዘው። ኮፐንሀገን ላይ ያኒክ ብዬሩም በ1889 የምርመራ ክፍሉን በር ጀርባ ሰሌዳ አድርጎ፣ በዘንግ ጫፍ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ እያንቀሳቀሰ፣ ሕመምተኛው የት ላይ እንደምትጠፋበት ይመዘግብ ነበር።

ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ምዕራፍ ቦስተን ላይ የተጻፈው ነው። የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ሃርቪ ኩሺንግና የዓይን ሐኪሙ ክሊፎርድ ዎከር በ1915 መስቀለኛው የተጫነባቸውን ሰዎች የዕይታ ካርታ ደረጃ በደረጃ አሳተሙ። በዚያ ዘመን ሲቲም ኤምአርአይም አልነበረም። የራስ ቅል ራጅ የአጥንቱን መስፋት ቢያሳይ እንጂ ነርቩን አያሳይም ነበር። ቀዶ ሐኪሙ የነርቩን ሁኔታ በዋናነት የሚያውቀው ሕመምተኛው «አሁን አያታለሁ፣ አሁን የለችም» ሲል ነበር። የሕመምተኛውን ቃል ይህን ያህል ያከበረ ምርመራ በሕክምና ውስጥ ጥቂት ነው። ዛሬም ኤምአርአይ በሩቅ ከተማ ብቻ በሚገኝበት ቦታ ቀይ የጠርሙስ ክዳን ይበቃል፤ አንድ ዓይን ተከድኖ፣ ክዳኑ ከአፍንጫ በኩል ወደ ጆሮ በኩል መሃሉን ሲሻገር ቀይነቱ ከደበዘዘ ሰውየውን በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መላክ ይገባል።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ተሻሻለ። በ1945 ሃንስ ጎልድማን በርን ላይ ብርሃኑ እኩል የሆነ ጎድጓዳ መለኪያ ሠራ፤ በ1980ዎቹ ኮምፒውተር ቦታውን ያዘ። የሚለካው ግን ያው ነበር፦ ሕመምተኛው የሚናገረው።

በ1991 አሜሪካ ውስጥ ይፋ የሆነው ኦሲቲ የሚባለው የብርሃን ቅኝት ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ። የነርቭ ክሮቹን ንጣፍ ውፍረት በማይክሮን ይለካል፤ ሕመምተኛው አይጠየቅም። መስቀለኛው ሲጎዳ ንጣፉ በሁሉም በኩል እኩል አይሳሳም። የሚሻገሩት ክሮች ወደ ነርቩ በአብዛኛው በአፍንጫና በጆሮ በኩል ስለሚገቡ በእነዚያ ሁለት ጎኖች ይሳሳል፤ ከላይና ከታች በቅስት የሚመጡት የማይሻገሩ ክሮች ግን ይተርፋሉ።

ሁለቱ ምርመራዎች የሚለያዩበት ቦታ ነው እጅግ አስፈላጊው። የተጫነ ክር ሳይሞትም መልእክት ማስተላለፉን ሊያቆም ይችላል፤ ያኔ ካርታው ግማሹ ጨለማ ሆኖ ንጣፉ ጤነኛ ይሆናል። ይህ ትልቅ ተስፋ ነው፤ ጫናው ሲነሳ ዕይታ አንዳንዴ በቀናት ውስጥ ይመለሳል፣ ከዚያም ለወራት መሻሻሉን ይቀጥላል። ንጣፉ አስቀድሞ ክፉኛ ከሳሳ ግን ክሮቹ ሞተዋል፤ ቀዶ ሕክምናው ቢሳካም የጠፋው በአብዛኛው አይመለስም። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የወጡ ጥናቶች ይህን ደጋግመው አሳይተዋል። ለዚህ ነው ከቀዶ ሕክምና በፊት ሁለቱንም መለካት የሚያስፈልገው፣ ሕመምተኛውም ምን ያህል ሊመለስለት እንደሚችል ቀድሞ መስማት ያለበት። ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞን የሚያመነጨው ዕጢ ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ቢላ አያስፈልግም፤ ካበርጎሊን የተባለው መድኃኒት ያሳንሰዋል፣ ካርታውም በየሳምንቱ ሲሰፋ ይታያል።